እርሳስ የለመደች መኪና

ዕውቀት ሰውን ከጥፋት ያድናል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እስከ ስድስተኛ ክፍል የተማርኩትም ይህንኑ አምኜ ነው። አሁን በስተርጅና ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሰውን ከዕውቀት የሚያድነውስ ማን ነው? ለቀልድ አይደለም የምጠይቀው። ሳታውቁ በሰላም የኖራችሁበትን ነገር፣ ካወቃችሁት በኋላ መኖር አቅቷችሁ አያውቅም? ዕድሜ ልካችሁን ከአንድ ምንጭ ስትጠጡ ኖራችሁ፣ አንድ የጤና ባለሙያ ውስጡ የሚርመሰመሰውን በማጉያ መነጽር ካሳያችሁ በኋላ፣ ከዚያው ምንጭ አጠገብ ቆማችሁ በውኃ ጥም አልተቃጠላችሁም? እኔ ተቃጥያለሁ። የኔው ግን ውኃ ሳይሆን ቤንዚን ነበር።

አስቀድሜ መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ቮልስ ናት። ቀለሟ ድሮ ሰማያዊ ነበር፤ ዛሬ ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚያውቅ የለም። የእርሻ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሳለሁ፣ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወረ አለቃዬ ላይ ነው የገዛኋት። ግምጃ ቤት የኖረ ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ። በሩን ቆልፎ ይሄዳል፤ መቆለፉን ለማየት ይመለሳል፤ ቤቱ ከደረሰ በኋላ ማየቱን ይጠራጠራል። መኪናም የምነዳው እንደዚሁ ነው። በደብረ ማርቆስ አስፋልት ላይ ባጃጆች በግራም በቀኝም ያልፉኛል። አንዱማ በቀደም ለት አንገቱን አውጥቶ፣ «አባባ፣ ቆመው ነው ወይስ እየሄዱ ነው?» ብሎኝ አልፏል። መልስ አልሰጠሁትም፤ እየነዱ ማውራት አደጋ አለው።

በመኪናዋ ኪስ ውስጥ አንድ ደብተር አለ። ዘይት የተቀየረበትን ቀን፣ ካንዴላ የጸዳበትን ቀን፣ ያልተለመደ ድምፅ የሰማሁበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ እጽፍበታለሁ። በእስክሪብቶ ለምን አልጽፍም? ድምፁ የመኪናዋ ሳይሆን የጆሮዬ ሊሆን ስለሚችል፣ ኋላ ለማጥፋት እንዲመቸኝ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ትርንጎ፣ «የዘንድሮ እርሳስ ገና ሲቀረጽ ይሰበራል፣ የድሮው ነበር እርሳስ!» እያልኩ ሳማርር እየሰማች ነው ያደገችው። ይህን ያዙልኝ፤ ያጠፋኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ታላቅ እህቴ ከከተማችን በላይ፣ ዳገቱን ወጥቶ ደጋው ላይ፣ ሮብ ገበያ ትኖራለች። እታለም ነው የምላት። እነዚያን ስድስት ክፍሎች ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ በዚያ ብርድ ድንች ቆፍራ፣ ጭና፣ ሸጣ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶባታል። ሰው የምትለየው በሳሉና በእርምጃው ነው። እኔን በመኪናዬ ድምፅ ትለየኛለች። ጎረቤቶቿ መኪናዋ ከመድረሷ በፊት እታለም ተነስታ ደጅ እንደምትቆም ነግረውኛል።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየአጥቢያው ማስታወቂያ ተነገረ። ከአዲስ አበባ የመጡ ሐኪሞች በከተማችን ሆስፒታል የዓይን ሞራ በነፃ ቀዶ ሕክምና ያደርጋሉ፤ ከሰኞ ጀምሮ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ይመለሳሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳልወጣ ስልክ ደወልኩ። እታለምም ሰምታ ኖሯል። ጎረቤቷ ወይዘሮ ጠጅቱ ዓይኗ እንደሷው ነው፤ በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ልትወርድ ነው፤ አንድ ወንበር ስላለ አብረን እንሂድ ብላኛለች አለችኝ።

ሚኒባስ! ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በጡሩምባ የሚወርዱትን ልጆች አውቃቸዋለሁ። በአንድ ወንበር ሦስት ሰው፣ በሦስቱ ሰው ላይ አንድ በግ ነው የሚጭኑት። «ዓይን ለማዳን ወጥተሽ አንገትሽን ልትሰበሪ ነው?» አልኳት። «እኔ ራሴ መጥቼ እወስድሻለሁ። ንቅንቅ እንዳትዪ።» «እሺ ወንድማለም፣ አንተ ካልክ» አለችኝ። የእታለም ክፋቷ ይህ ነው፤ እሺ ስትል እሺ ማለቷ ነው።

ሰኞ ማልጄ ተነሳሁ። ዳገት ስለምወጣ መኪናዋን መጀመሪያ ለመካኒኬ ለይርጋ ላሳያት አልኩ። ይርጋ የኋላ ክዳኗን ከፈተ፤ ሞተሩን አዳመጠ፤ ቤንዚን የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎች በጣቱ ጨመቅ ጨመቅ አደረገ፤ ከዚያም «ጋሼ፣ ከእርስዎም ከእኔም ትሻላለች፤ ይንዱ» አለኝ። እዚህ ላይ ብሄድ ኖሮ ይህን ወግ ባልጻፍኩ ነበር።

ከጋራዡ አጥር ሥር ግን መምህር አዳሙ ተቀምጠው ነበር። ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናቸው። የጠዋት ፀሐይ ቶሎ የሚያርፍበት ቦታ ስለሆነ ነው እንጂ መኪና የላቸውም። ግን መኪና የሌለው ሰው ስለ መኪና የሚያውቀውን ያህል ባለመኪናው መቼ ያውቃል? እግራቸውን ለፀሐይ እንደዘረጉ፣ «ካሳ ወንድሜ፣ ለመሆኑ ስለ እርሳስ ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ።

እኔም የሚጽፍ ነገር የፈለጉ መስሎኝ ከደረት ኪሴ አውጥቼ «ይኸው» አልኳቸው። ይርጋ መፍቻውን እስኪጥል ሳቀ። መምህር ግን አልሳቁም። የማይረባ ተማሪ ያጋጠማቸው ያህል ራሳቸውን ነቀነቁና ማስተማር ጀመሩ። እርሳስ ያሉት የሚጽፈውን ሳይሆን ማዕድኑን ነው። በድሮው ዘመን ቤንዚን ውስጥ እርሳስ ይጨመርበት ነበር። ሞተር ውስጥ ቫልቭ የሚባል በር አለ፤ በደቂቃ ስንትና ስንት ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እርሳሱ በሩና መቃኑ እንዳይበላሉ ከመካከል ገብቶ እንደ ምንጣፍ ያገለግል ነበር። ኋላ ጭሱ የሰውን፣ ይልቁንም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል ተብሎ እርሳሱ ከቤንዚን ወጣ። አዲስ መኪና ያለ እርሳስ እንዲኖር ሆኖ ነው የሚሠራው። «የአንተዋ ግን እርሳስ የለመደች ናት» አሉኝ። «አሁን ብረት በደረቁ ብረት እየመታ ነው። ቀስ በቀስ መቀመጫውን ይበላዋል። ይበላዋል፣ ይበላዋል፣ አንድ ቀን ዳገት ላይ ጉልበቷ ይከዳትና ቀጥ ትላለች።»

በዚህ አላበቁም። ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ አልኮልም ቤንዚን ውስጥ የሚቀላቀልበት ጊዜ አለ፤ እሱ ደግሞ የድሮ የጎማ ቱቦ ይበላል አሉኝ። አስቡት እንግዲህ። ያቺ ምስኪን መኪና በአንድ በኩል መድኃኒቷን ተከለከለች፤ በሌላ በኩል በስተርጅናዋ መጠጥ ጀመረች።

እርሳሱ የወጣው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በቀጠነ ድምፅ ጠየቅሁ። «ኧረ ብዙ ዓመቱ ነው!» አሉኝ። ይርጋም፣ «ታዲያ ጋሼ ይህን ሁሉ ዓመት ነድተዋት የለ? ደግሞ እሷ እኮ...» ብሎ ሲጀምር፣ መምህር እጃቸውን አንስተው፣ «አንተ ቁልፍህን ያዝ፤ ይኼ የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው» አሉት። ይርጋ ተማሪያቸው ነበር። ጎንበስ ብሎ የጣለውን መፍቻ አነሳ።

ጤነኛ ሰው ቢሆን፣ ይህን ሁሉ ዓመት ከሄደች ዛሬም ትሄዳለች ብሎ ይጽናና ነበር። እኔ ግን ይህን ሁሉ ዓመት ስትበላ ኖራ፣ የቀራት ዛሬ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። ለካ በሕይወት ያለች መስሎኝ ሬሳ ነበር የምነዳው! ገና ከጋራዡ ስወጣ፣ ስመጣ ያልነበረ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን፣ ደረቅ፣ ጥርስ የሚያፋጭ ሰው የሚመስል። መሪዋን ወደ ሮብ ገበያ ሳይሆን ወደ ቤቴ አዞርኩ። ማየት የተሳናትን እህቴን ይዤ ዳገት ላይ ብትቆምብኝስ? ብርድ አለ፤ ጭጋግ አለ። ጥንቃቄ ነው ያልኩት። ስንት ጥፋት በዚህች ቃል ተሸፍኖ እንደሚያልፍ ብታውቁ!

መፍትሔውንም መምህር ነግረውኝ ነበር። የእርሳሱን ምትክ የሚሠራ ፈሳሽ አለ፤ ቤንዚን ጋን ውስጥ ይጨመራል። የጋራዥ ሰዎች ባጭሩ «እርሳስ» ይሉታል። እዚህ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ግን አይጠፋም። ወዲያው ለትርንጎ በስልኬ መልእክት ጻፍኩ። አንዷን ፊደል ፈልጎ ማግኘት ለእኔ መርፌ ፍለጋ ነው፤ ስለዚህ አሳጠርኩት። «ትርንጎ፣ እርሳስ በአስቸኳይ ላኪልኝ። የድሮው ይሁን፤ የዘንድሮው አስቸገረኝ። አባትሽ።»

አያችሁ? ያን ዕለት ጠዋት እርሳስ ሲባል ከኪሱ የሚጽፍ ያወጣ ሰው፣ ብዙ ሳይቆይ ዓለም ሁሉ እርሳስ ሲባል ማዕድን የሚያስብ መሰለው። አዲስ የተማረ ሰው እንዲህ ነው። የድሮው ይሁን ያልኩትም ለድሮ መኪና የሚሆነውን፣ የዘንድሮው ያልኩትም ቤንዚኑን ማለቴ ነበር።

ማክሰኞ ትርንጎ ደወለች። መንገድ ላይ ናት፤ ከበስተኋላዋ የመርካቶ ጩኸት ይሰማል። «አባዬ፣ የድሮው እኮ ጠፋ! ሁሉም የሚያሳዩኝ አዲሱን ነው» አለችኝ። መምህር የተናገሩት ሁሉ እውነት ሆነ ማለት ነው። አዲሱን እንዳታመጪብኝ ብዬ ለመንኳት። ስንት ልላክልህ ስትለኝ ሁለት ይበቃል አልኩ። «ሁለት ብቻ? ደርዘን ላድርግልህ እንጂ፣ ቶሎ ያልቃል» አለች። ደርዘን ዕድሜዬን ሙሉ ብነዳ አልጨርሰውም ልላት ስል፣ «ጠንካራው ይሻልሃል ለስላሳው?» ብላ አቋረጠችኝ። የመድኃኒቱን ኃይል መጠየቋ መሰለኝ። «ጠንካራው! ዳገት አለብኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «ዳገት?» ስትል ብቻ ሰማሁ፤ ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ለእታለምም ደወልኩ። መኪናዋ ትንሽ አሟታል፤ መድኃኒት ከአዲስ አበባ እየመጣላት ነው፤ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ እመጣለሁ አልኳት። ስለ ራሷ አንድ ቃል ሳትናገር፣ «ምኗን ነው ያመማት?» አለችኝ። ቫልቯን ነው አልኳት። «እግዚአብሔር ይማራት» አለች። ጠጅቱ ሰኞ ዕለት ተሠርታ፣ ዓይኗ ታሽጎ እዚያው ሆስፒታል ማደሯንም ነገረችኝ። ሌላ ሚኒባስ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኋት ብዬ ብዋሽ ደስ ባለኝ። አልጠየቅኋትም። መድኃኒቱ ይመጣል ብዬ ነበራ!

ረቡዕን መናኸሪያ ቆሜ ዋልኩ። ከአዲስ አበባ የመጣውን አውቶቡስ ሁሉ ረዳቱን እየጠየቅሁ ሸኘሁ። አንዱ ረዳት፣ «አባት፣ ምን ዓይነት ዕቃ ነው?» ቢለኝ፣ ጠርሙስ ነው፣ እንዳይፈስ ይጠንቀቁልኝ አልኩት። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ስሜ ተጠራ። ረዳቱ የሰጠኝ ግን ጠርሙስ የሚያህል ነገር አይደለም። ጠፍጣፋ፣ ቀላል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ። ሳወዛውዘው ፈሳሽ አልሰማሁም፤ ተንኳኳ። እዚያው መናኸሪያ፣ በተሳፋሪውና በሻንጣው መካከል ቆሜ ፈታሁት።

ደርዘን እርሳስ ነው። ቀይና ጥቁር መስመር ያለው፣ ልጅ ሳለሁ የጻፍኩበት ዓይነት። ከላዩ ላይ ቁራጭ ወረቀት አለ። «አባዬ፣ የድሮውን ለማግኘት ሁለት ቀን ዞርኩ። አንድ ሽማግሌ ከመጋዘናቸው ጥግ አወጡልኝ። ለዳገት ምን እንደሚያደርግልህ ባይገባኝም ጠንካራውን ልኬልሃለሁ። ደብተርህን በደስታ ጻፍበት።»

ልቆጣ ፈለግሁ። በማን ልቆጣ? ልጅቷ ቃል በቃል ታዝዛለች። በእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩና እርሳሱን ዕቅፌ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ የነበረ የቆሎ ተማሪ ዓይኑን ቢጥልበት ሁለት ሰጠሁት። ብዙ መረቀኝ።

ዓርብ ጠዋት ሌላ ምርጫ አልነበረኝም። ያለ እርሳስ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ ጆሮዬ ከኋላዬ እንዳለው ሞተር ተለጥፎ ነው የሄድኩት። እሷስ? ዳገቱን እንደዚያ ስትወጣ አይቻት አላውቅም! ማርሽ ሳልቀንስላት የምትሄድበት ቦታ ነበር። እንደዚያ ቀን በጤንነቷ ያዘንኩበት ጊዜ የለም።

እታለም ደጅ ቆማ ነበር። ነጠላዋ የታጠበ ነው፤ ትንሽ ጥቅል በእጇ ይዛለች። ጥቅሏን ያዘጋጀችው ሰኞ እንደሆነና፣ በየቀኑ ጠዋት ጠዋት ይዛው እንደምትወጣ የነገሩኝ ጎረቤቶቿ ናቸው። ከጎረቤቶቿም አንዷ ጠጅቱ ነበረች። አፍጥጣ አየችኝ። በእርግጥ አየችኝ። «ጋሽ ካሳ እርስዎ ነዎት? ድምፅዎ እኮ የጎልማሳ ነበር!» አለችኝ። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ «የኛ ሚኒባስ እንኳ የማያይ ጭኖ ወርዶ የሚያይ ጭኖ ተመለሰ። እርስዎ ምነው ቆዩ?» አለች። እርሳስ ስጠብቅ ነው ልላት አልቻልኩም።

አራት ሰዓት ላይ ተነሳን። አሁን በቀጥታ ብወርድ እደርስ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ቁልቁለቱ ላይ ያ ደረቅ ድምፅ የተሰማኝ መሰለኝ። አቆምኩ፤ የኋላ ክዳኗን ከፍቼ አዳመጥኩ፤ ምንም የለም። ትንሽ ሄጄ ደግሞ አቆምኩ። በሦስተኛው ላይ ሞተሩ ይቀዝቅዝ ብዬ ጠበቅሁ። እታለም ከወንበሯ ሆና፣ «አይዞህ፣ አትቸኩል ወንድማለም» ትለኛለች። በዓለም ላይ አትቸኩል መባል የማያስፈልገው አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ።

ሆስፒታሉ ግቢ ስንገባ ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሐኪሞቹ መሣሪያቸውን በሣጥን እየከተቱ ነው። አንዲት ነርስ አዝናልን የእታለምን ዓይን በባትሪ አየችላት። «እናቴ፣ ሞራው የደረሰ ነው፤ ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነበር» አለቻት። «ነበር» የምትለዋን ቃል ያን ያህል ከባድ ሆና ሰምቻት አላውቅም። ሰኞና ማክሰኞ ሰልፍ እንኳ እንዳልነበረ ነገረችኝ። ለሚቀጥለው ጊዜ ስሟን ጻፈች። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ስጠይቃት አየችኝና፣ «እንግዲህ ሲመጡ እንጠራችኋለን» አለች።

አሁን እዚህ ላይ የምነግራችሁን ነገር ባልነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። እህቴን ወደ ቤቷ ለመመለስ ዳገቱን እንደገና ያለ እርሳስ ልወጣ አይደለም? ስለዚህ ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ እታለምን ከመኪናው ሳላወርድ፣ በይርጋ ጋራዥ በኩል አለፍኩ። አዎ። ሰው እንዲህ ነው። ይርጋን ቫልቯን አንድ ጊዜ ስማልኝ አልኩት። ያን ዕለት መምህር አልነበሩም፤ ፀሐይ አልወጣም። ይርጋ ሞተሩን ሰማ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ጋሼ፣ ሰኞ ልነግርዎ ብዬ ጋሼ አዳሙ አላስጨረሱኝም እንጂ፣ ይቺ መኪና እርሳስ ምን ያደርግላታል? ከዓመታት በፊት የሞተሯን ራስ አውርደን የቫልቭ መቀመጫዋን ሁሉ በጠንካራ ብረት አልቀየርነውም? እርስዎ ራስዎ አጠገቤ ቆመው ነበር እኮ! ያኔ ‹ዘላለም የማይበላ ይሁን› አላሉኝም? ረሱት?»

ረስቼዋለሁ። ደብተሬን ገለጥኩ። አለ። በራሴ እጅ፣ በራሴ እርሳስ ጽፌዋለሁ፤ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል።

ወደ መኪናው ተመልሼ ገባሁ። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ እታለም ሁሉን ሰምታለች። ትቆጣኛለች፣ ታለቅሳለች፣ ድንቹን ታነሳብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ፊቷን ወደ እኔ አዙራ፣ «እና ደህና ናት?» አለችኝ።

«ደህና ናት» አልኳት።

«ምንም አይሻትም?»

«ምንም አይሻትም።»

አማተበች። ፊቷ በራ። «ተመስገን! እኔ እኮ ከማክሰኞ ጀምሬ ለማርያም ጃንጥላ ተስዬ ነበር። የወንድሜን መኪና ማሪልኝ ብዬ።»

ለዓይንሽስ አልተሳልሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ለእሱማ ምን ስለት ያስፈልገዋል?» አለችኝ። «መኪናዋ ከዳነች አንተ ትመጣለህ፤ አንተ ከመጣህ እኔ አያለሁ ብዬ ነው። አንዱን ብቻ ለመንኳት።»

ሞተሩን አስነሳሁ። በአንድ ጊዜ ተነሳ። ስለቱ ሠምሯል፤ ጃንጥላውን እኔ ነኝ የማደርሰው።